ከረሜላው እስኪሟሟ

ኮሪን መኪና ልትገዛ የሄደችው በኮት ኪሷ የናና ከረሜላ ይዛ ነው። ሌላው ሰው ወንድሙን ወይም ነገር አዋቂ ጎረቤቱን ያስከትላል። እሷ የምታስከትለው ሰው አልነበራትም። አባቷ አርለን ባለፈው ጥር ካረፈ ወዲህ በቤቷ ውስጥ ከማቀዝቀዣው በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም።

አርለን በሕይወት ዘመኑ መኪና የሚገዛው በአንድ ዘዴ ነበር። የሚከፍለውን ዋጋ ይናገርና ከረሜላ አፉ ውስጥ ጣል ያደርጋል፤ ከዚያ ከረሜላው ሟሙቶ እስኪያልቅ ትንፍሽ አይልም። «ዋጋ ከተጠራ በኋላ ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ» ይላታል ልጁን። በሐይቁ ዳር ባለችው በዚያች ቀዝቃዛ የአሜሪካ ከተማ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ይህን ደንብ ገዢውም ሻጩም ያውቀዋል። ዝም አይነቅዝም ብለው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተፋጠው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ኮሪን ደንቡን የተማረችው ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ገና መሬት ሳይደርስ ነው።

መኪናውን የፈለገችው ለሽርሽር አይደለም። የቤት ለቤት ነርስ ናት፤ ከእርሻ እርሻ እየዞረች ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። ከአባቷ የወረሰችው ፒክአፕ ማሞቂያው ከሞተ ቆይቷል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሞተሩም ያኮርፋል።

የተቀበላት ሻጭ ዌይድ ይባላል። ረጅም ነው፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ክራቫቱን ሌላ ሰው ያሰረለት የሚመስል። አንዲት ግራጫ መኪና አሳያት። ነድታ ሞከረቻት፣ ወደደቻት፣ መውደዷን ግን ፊቷ ላይ አላሳየችም። ተመልሰው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ።

«እርስዎ ስንት ነው ያሰቡት?» አላት።

«አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።»

«እሺ። ስንት አሰብሽ?»

«ሃያ ስድስት ሺህ ዶላር» አለችና ከረሜላዋን ጎረሰች።

ዌይድ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ተወው። ኮሪን ፓኬቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችለት። እሱም አንድ አነሳና ጎረሰ። ሁለቱም ጉንጫቸው አብጦ ቁጭ አሉ።

መጀመሪያ ክራቫቱን አየች። ከዚያ እጆቹን አየች። ከዚያ በኋላ ከዓይኑ ሌላ የሚታይ ነገር አልቀረላትም። ዓይኖቹ የደከማቸው ደግ ዓይኖች ናቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ይህን ያህል ትኩር ብሎ ያያት ሰው እንደሌለ ትዝ አላት፤ በሽተኞቿ የሚያዩት መርፌውን ነው። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ። ዓይኗን ለመስበር ፈለገች፣ አልሰበረችም። የእሱ ከንፈር ቀስ እያለ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«መሳቅ ይቆጠራል እንዴ?» አለ።

«ተናገርክ! ተሸነፍክ!»

«ኧረ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት!»

«ጥያቄም ንግግር ነው። በል ሃያ ስድስት ሺህ።»

«እሺ፣ አለቃዬን ጠይቄ ልምጣ።»

«ሂድ፣ ቡናህን ጠጥተህ ና። አለቃህንም ሰላም በልልኝ።»

ዌይድ እስከ ጆሮው ቀላ። ሻጮቹ አለቃ እንጠይቅ ብለው ከመስታወቱ ጀርባ ቆመው ቡና እንደሚጠጡ አርለን ነግሯት ነበር። ጠጥቶ ተመለሰ፣ ዋጋውም ጸደቀ። ወረቀቶቹን እየሰበሰበ፣ ቀና ሳይል፣ «እሁድ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ምንም።»

«እኔም ምንም» አለ።

ከሁለት አንዳቸው አንድ ቃል ቢጨምሩ ቀጠሮው እዚያው በተያዘ ነበር። ግን አልጨመሩም።

በዚያ መሸጫ ቤት ዋጋ መስማማት ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ ያለው ብድሩን የሚያዋውለው ሩዲ ክፍል ውስጥ ነው። ሩዲ ድምፁ ማር፣ ፈገግታው የማይነጥፍ ሰው ነው። ዌይድ ከባንክ የመጣውን ወረቀት አስረከበውና በሩ አጠገብ ቆመ።

«የወረቀት ሥራ ክፍያ አለ» አለ ሩዲ፣ «የቀለም መከላከያ አለ፣ ለጎማዎቹ ደግሞ ልዩ አየር ሞልተንልሻል።»

«አየር ትሸጣላችሁ?»

«ልዩ አየር ነው እኮ የኔ እመቤት!»

«ይቅርብኝ። ጎማዬ እንደኛው ተራውን ይተንፍስ።»

በሩ ጋ ዌይድ ሳቁን ዋጠ። ኮሪን ሳታየው ሰማችውና ደስ አላት። ቀለሙንም አሰረዘች፣ የወረቀት ሥራውን ክፍያ በግማሽ አስቀነሰች። ሩዲ ላቡን ጠረግ አደረገና ወደ ዋናው ነገር ገባ።

«እንግዲህ ወለዱ በመቶ ሰባት ነው። እሱ የባንኩ ውሳኔ ነው፣ እኔ ምን እጄ አለበት?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መሸጫ ቤቶች ባንኩ በወሰነው ወለድ ላይ የራሳቸውን ደርበው ልዩነቱን እንደሚወስዱ ኮሪን ታውቃለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሩዲ ጋር ትከራከር ነበር። ያን ቀን ግን ብቻዋን እንዳልሆነች ስለተሰማት ዞር አለች።

«ዌይድ፣ የባንኩን ወረቀት ያመጣኸው አንተ ነህ። ባንኩ ያለው ሰባት ነው?»

ከረሜላዋን ጎረሰችና ጠበቀች።

ዌይድ ሩዲን አየ። ከዚያ ጫማውን አየ። ሰባት ነው ብሎ ቢዋሻት ትናደድ ነበር፣ እውነቱን ቢነግራት ትወደው ነበር። እሱ ግን ዝም አለ። የቅድሙ ዝምታቸው የሁለት ሰው ነበር፤ ይኸኛው ብቻዋን ተዋት። ከረሜላው አነሰ፣ ሳሳ፣ አለቀ። ዌይድ ቀና አላለም።

«አለቀ» አለች ኮሪን። ቦርሳዋን አነሳች፣ ምንም ሳትፈርም ወጣች፣ ያንን አኩራፊ ፒክአፕ አስነስታ ሄደች።

በረዶው ቀድሞ ገባ። ኮሪን ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ አጣጥፋ፣ የመስታወቱን ውርጭ በጓንቷ እየፋቀች ከበሽተኛ በሽተኛ ዞረች። ማታ ማታ ሾርባዋን ምድጃው አጠገብ ቆማ ትጠጣለች፤ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ የአባቷን ባዶ ወንበር ማየት ነው። የከተማው የቁጠባና ብድር ማኅበር በመቶ አራት ተኩል ሊያበድራት ፈቀደ። መኪናውን ከየት እንደምትገዛ ግን ልቧ አልወስን አለ። ያቺን ግራጫ መኪና ታስባለች። እውነቱን ለመናገር የምታስበው መኪናዋን አልነበረም።

ስልኩ ያለበት የእሱ ካርድ ከእሷ ጋር ነው፣ የእሷም ስልክ ቁጥር ከእሱ ጋር። እሷ ይደውል ትላለች፣ በደለኛው እሱ ነውና። ቀድሞ የደወለ ተሸነፈ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው እንዲህ ላሉት ሰዎች ነው፤ ሹመቱ ቀርቶባቸው ራት የሚጋብዝ ሰው ቢያገኙ በበቃቸው። አንዳንዴ በዋናው መንገድ ስታልፍ ዌይድን ከመኪኖች ላይ በረዶ ሲጠርግ ታየዋለች። እሱም ፒክአፑን ያውቀውና መጥረጊያውን እንደያዘ ይቆማል። አንዴ እጁን ሊያነሳ ጀምሮ መልሶ አወረደው። ያን ዕለት ኮሪን ቤቷ ገብታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ አለቀሰች።

በዊስኮንሲን እሁድ መኪና አይሸጥም። በሩ ይዘጋል፣ ሻጮቹም ቤታቸው ይውላሉ። የከተማው ሰው መኪና የሚያማርጠው ግን ያን ጊዜ ነው፤ ማንም ሳይጎነትለው በመኪኖቹ መሀል እየተዘዋወረ መስታወታቸው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ያነባል። አንድ የየካቲት እሁድ ኮሪንም ሄደች። ግራጫዋ መኪና አልተሸጠችም። በረዶዋ ተጠርጓል። አጠገቧ ዌይድ ክራቫት ሳያስር ቆሟል።

ኮሪን እጇ ወደ ኪሷ ሄደ። ከረሜላ አውጥታ ጎረሰች፣ ላትናገርም ወሰነች።

«አራት ተኩል ነበር» አለ ዌይድ።

ከረሜላዋን ወደ ሌላኛው ጉንጯ አዛወረች።

«ባንኩ ያለው አራት ተኩል ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስትጠይቂኝ ፈራሁ። ሩዲን ፈራሁ፣ ሥራዬን ፈራሁ... ለቤት ኪራይ ስል ዝም አልኩሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባት የሚል ቁጥር ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሻጭ አይደለሁም። ትመጪ እንደሆነ ብዬ እሁድ እሁድ እዚህ እውላለሁ። ለሰዎች ሌባ መሰልኳቸው፣ ፖሊስም አንዴ ጠይቆኛል።»

ነፋሱ ከሐይቁ እየገረፈ ይመጣል። ኮሪን ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ከረሜላው ገና እንዳለ ነው።

«ወድጄሽ ነበር» አለ ዌይድ። «አሁንም ነው። በቃ፣ ቀድሜ ተናገርኩ። ተሸነፍኩ ማለት ነው።» ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ አንገቱን ደፋና ሊሄድ ዞረ።

ከረሜላው እስኪሟሟ ድረስ የመንገዱን ጥግ አልፎ ይሄዳል። የአባቷ ደንብ እንደዚያ ነበር፤ አባቷ ደግሞ ርካሽ መኪና እየነዳ፣ ከልጁ በቀር ሰው ሳይኖረው አርጅቶ ሞተ። ኮሪን ከረሜላውን በጥርሷ ያዘችውና ቆረጠመችው። ድምፁ ራሷንም አስደነገጣት።

«ዌይድ!»

ዞረ።

«ና እስቲ። ላንተ ስል ጥርሴን ልሰብር ነበር እኮ!»

ሲመጣ እየሮጠ ነው፣ በረዶው ሁለት ጊዜ አዳለጠው። ፒክአፑ ውስጥ ገብተው ብርድ ልብሱን ለሁለት ተካፈሉ። ትንፋሻቸው መስታወቱን ሸፈነው።

«መኪናውን ከናንተ አልገዛም» አለችው።

«አትግዢ።»

«ሌላ ቦታ ስሄድ ግን አብረኸኝ ትሄዳለህ። የሚደራርቡትን ክፍያ አንድ በአንድ ጮክ ብለህ ትነግረኛለህ።»

«ሁሉንም እነግርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀጥረኛል እንጂ!»

ሳቀች። እንባዋን በጓንቷ ጠረገችና ፓኬቱን ዘረጋችለት። አንድ ከረሜላ ብቻ ቀርቶበታል። ዌይድ ከረሜላውን አየው፣ እሷን አየ፣ እጇን ከነፓኬቱ ቀስ ብሎ በእጁ ሸፈነው።

«አሁን ይቅርብኝ» አለ። «ገና ያልነገርኩሽ አለ።»