ኤም የሚለው ፊደል

በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ቪልያ እንደገና የቅቤውን ማሸጊያ ወረቀት ገልብጣ ማንበብ ጀመረች። ጣቷን ከመስመር መስመር ታስኬዳለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ፒህላ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። የስምንተኛ ክፍል ልጅ የቅቤ ወረቀት እንደ ደብዳቤ ስታነብ ማየት በራሱ ያሳፍራል።

«ፈተና አለብን እንዴ?» አለች ፒህላ። ኬክ የሚጋግረው ቡድን በሙሉ ሳቀ።

«አይ፣ ላክቶስ የለውም ነው የሚለው እንጂ...»

«የለውም ካለ የለውም፣ በቃ! አንቺ ሂጂና ጠረጴዛ ደርድሪ። ኬኩ ሳይነበብም ይበስላል።»

ቪልያ ሄደች። የብሉቤሪ ፍሬ ያለበት ይህ ኬክ ከሌሎች ኬኮች ጋር ከሰዓት በኋላ ወላጆች ሲመጡ ለክፍሉ ጉዞ ገንዘብ እንዲሆን የሚሸጥ ነው። ከኬኩ ጎን በሚቆመው ካርድ ላይ እንደ ካፌ ሁሉ ፊደል ይጻፋል፤ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ለሌለው ኤል፣ ወተት ጭራሽ ላልነካው ኤም። ለፒህላ ሁለቱም ያው ነበሩ። ስለዚህ በወፍራም ብዕር፣ አሳምራ፣ ኤም ብላ ጻፈች። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው።

ሽያጩ ሲከፈት ከሰልፉ ፊት የተገኘው የቪልያ ታናሽ ወንድም ኡርሆ ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው፣ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ወተት ከቀመሰ ጉሮሮው እንደሚያብጥ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አምና አምቡላንስ የመጣው ለእሱ ነው።

«ኤም አለው» አለ ካርዱን በኩራት እያሳየ። ፒህላ ቆርሳ ሰጠችው። ሹካውን ይዞ ቆመ እንጂ አልበላም።

«ወረቀቱስ? ቪልያ በደማቁ የተጻፈውን ሳታይ አትብላ ብላኛለች።»

«እህትህ ግን ጤነኛ አይደለችም» አለችና ወጥ ቤት ገብታ የቅቤውን ወረቀት ከቆሻሻ ቅርጫት አወጣች። አሁንም አላነበበችውም። አፉን ይዝጋ ብላ እጁ ላይ አኖረችለት።

ኡርሆ ፈለገና አገኘ። «ይኸው! በደማቁ! ኤም!»

ፒህላ ጎንበስ ብላ አየች። ከጣቱ ሥር ያለው፣ ለአለርጂ ማስጠንቀቂያ በደማቁ የተጻፈው ቃል በኤም የሚጀምረው «ማይቶ» ነበር፤ በቋንቋቸው ወተት። ከቅቤው የወጣው ላክቶሱ ብቻ ነው፤ ወተቱ እዚያው አለ። ልጁ ሹካውን ኬኩ ላይ ሰካ።

ሳህኑን ነጠቀችው። «ይሄኛው ኤም ሌላ ነው» አለችው።

ከጎኗ የሚሸጠው ሮፔ ጠጋ አለ። «አልቋል በይውና ካርዱን ቀይሪው። ማን ያያል? የዚያች አንባቢ ወንድም እኮ ነው» ብሎ ሳቀ። ጠዋት እሷ ራሷ በቪልያ ላይ ያስነሳችው ሳቅ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው አስጠላት።

ካርዱንና ወረቀቱን ይዛ፣ ኡርሆን አስከትላ፣ ቪልያ ወደቆመችበት ጠረጴዛ ሄደች።

«ኤም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኡርሆ ከኬኩ አልበላም። የሌሎቹን ኬኮች ወረቀት አንብቢልኝ፣ እባክሽ።»

ቪልያ መጀመሪያ ወንድሟን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ፒህላን ከላይ እስከ ታች አየቻትና የዘረጋችላትን ወረቀት መለሰችላት።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

ሰልፉ ሁሉ ያይ ነበር። ፒህላ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጀመረች።