የባሻ ልጆች ቀኝ ጆሮ

ሂርጳ መጀመሪያ ያየው ጆሯቸውን ነው። ጋሻ ይዘው ፊቱ የተሰለፉት ልጆች ሁሉ ቀኝ ጆሯቸው ተጎድቷል፤ የአንዱ አብጧል፣ የሌላው ጠባሳ ይዟል፣ የአንደኛው ደግሞ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ግራ ጆሯቸው ግን እናታቸው እንደወለደችው ነው። ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እንግዳ ነውና ሳቁን ዋጠው።

ዘመኑ ከተማው ገና ወደ ፍልውሃ ሳይወርድ፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ሳለ ነው። ሂርጳ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ከካራ ተነስቶ ያንን ሁሉ ዳገት የወጣው ሊማር ሳይሆን ሊያስተምር ነበር። ባሻ አካሉ የሚባሉ አዛውንት ወታደር ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ሜዳ ላይ ለሠፈሩ ልጆች የጋሻና የሽመል ጨዋታ ያስተምራሉ። ለመስቀል ሂርጳ ሲጫወት አይተውት ኖሮ፣ ያንን ልጅ ለአንድ ጧት ያውሱኝ ብለው ወደ መምህሩ ወደ አያ ነገሳ ላኩ። አያ ነገሳም ፈቀዱ፤ ሲሸኙት ግን ትከሻውን ያዝ አድርገው መከሩት።

«የሰው ደቀ መዝሙር ነው የምታስተምረው። ያየኸውን ሁሉ አትናገር። ዝም አይነቅዝም።»

የጨዋታው ልማድ እንዲህ ነው፤ እንግዳ ሲያስተምር ባለቤቱ ሽመሉን መሬት ላይ አጋድሞ ይቀመጣል፣ እንግዳው እስኪጨርስም ቃል አይተነፍስም። ባሻም ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ የጽድ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። ግራ ዓይናቸውን ድሮ በዘመቻ ላይ ጦር አጥፍቶታል። ስለዚህ ሰው ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግራ ዘወር አድርገው በቀኙ ነው የሚያዩት።

ሂርጳ ጋሻ አንሱ አላቸው። ልጆቹ አነሱና ትልቁም ትንሹም በአንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግራ ዘወር አደረጉ። ሂርጳ አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ ባሻን አየና ነገሩ ገባው። ሁለት ደህና ዓይን ይዘው እንደ አንድ ዓይና ሰው ይቆማሉ። ከቀኝ በኩል የሚመጣውን ሽመል የሚያውቁት ጆሯቸው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ባሻ ሲቆሙ ራሳቸውን አይተው አያውቁም፤ ልጆቹም ከባሻ ሌላ አስተማሪ አይተው አያውቁም።

ለማረጋገጥ ያህል ትልቁን ልጅ ከበበን ጠርቶ ገጠመው። በቀኝ በኩል የመለማመጃ ዘንጉን ቀስ ብሎ ቢሰድ ጆሮውን ነካው። ከበበ አላፈረም፤ እንዲያውም ደረቱን ነፋ አድርጎ የባሻ ልጆች በጆሯቸው እንደሚታወቁ ነገረው። ሌሎቹም ጆሯቸውን እያሹ በኩራት ሳቁ።

ከመጨረሻው ተራ ላይ ዓለም የሚባል አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ቆሟል፤ የባሻ የልጅ ልጅ ነው። ሂርጳ በቀኙ ቆሞ ስሙን ቢጠራው ዝም አለው። ደግሞ ቢጠራውም ዘወር አላለም። ከበበ ጠጋ ብሎ፣ ካለፈው ጥምቀት ጀምሮ በቀኝ ጆሮው እንደማይሰማ በሹክሹክታ ነገረው። በጥምቀት ጨዋታ የሚያዘው እንደ ዛሬው ቀጭን ዘንግ ሳይሆን የወይራ ሽመል ነው። ጥምቀት ደግሞ የሚመጣው ሳምንት ነው።

ሂርጳ ነገሩን መዘነ። ቢናገር አንድ ሽማግሌ በገዛ ደቀ መዛሙርታቸው ፊት ሊዋረዱ ነው። ዝም ቢል በሚመጣው ሳምንት የሌላ ልጅ ጆሮ ሊደነቁር ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አያ ነገሳ፤ የዓለም ጆሮ ግን ነቅዟል። ልጆቹ ምን ሊያደርግ ነው ብለው ያዩታል፣ ባሻም በአንድ ዓይናቸው ያዩታል። ሂርጳ ጊዜ ለማግኘት የጋሻውን ማንገቻ ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ከዚያ ሁሉም በነጠላቸው ጫፍ ግራ ዓይናቸውን እንዲያስሩ አዘዘ። ልጆቹ እየተሳሳቁ አሰሩ። ሂርጳም የራሱን አስሮ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ቆመና ከበበን ምታኝ አለው። ዘንጉ ከግራ መጥቶ ትከሻው ላይ ጧ አለ፤ ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ቀጥሎ ሂርጳ ፊቱን ልክ እንደ ባሻ ወደ ግራ አዞረ። ከበበ ከግራም ሞከረ፣ ከቀኝም ሞከረ፤ ሁሉንም ጋሻው መከተው። ሳቁ ቆመ።

«ይህ አቋቋም ቀልድ አይደለም» አላቸው ሂርጳ። «በአንድ ዓይን ጦር ሜዳ ውሎ በሕይወት የተመለሰ ሰው የሠራው ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ልፍጠር ብል አልችልም። በሉ አሁን ፍቱት።»

ነጠላቸውን ፈቱ። ሂርጳ ጋሻ አንሱ ብቻ አለ። ልጆቹ አነሱ፤ ፊታቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ ግን ጠፋባቸው። አንዱ ወደ ግራ ጀምሮ ተወው። ሌላው ባሻን አየ።

ባሻ ተነሱ። እንግዳ እያስተማረ ባለቤት አይነሳም፤ እሳቸው ግን ተነስተው በቀስታ ወደ ዓለም ሄዱ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀጥ አደረጉት፤ አውራ ጣታቸው በማይሰማው ጆሮ ላይ ቆየ።

«እንደኔ አትቁም ልጄ» አሉት። «ይህ የኔ ጉድለት ነበር። እኔ ሳላውቅ ለናንተ አወረስኳችሁ።»

ከበበ መሬት መሬት እያየ ፊቱን ቀጥ አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ባሻ ወደ ጉቷቸው ተመልሰው ሲቀመጡ ለሂርጳ በእጃቸው ቀጥል አሉት። ሂርጳም ቀጠለ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ከቀኝ የሚመጣ ዘንግ የሚመክቱ ልጆች እየበዙ ሄዱ። ከሁሉም ደስ ያለው ዓለም ነበር፤ አሁን ሁሉ ነገር ስለሚታየው ዓይኑ አላርፍ አለ።

«ሂርጳ» አለ በመጨረሻ፤ «አንተስ ግራ ተረከዝህን ለምን ታነሳለህ?»

ሁሉም ወደ እግሩ አዩ። ሂርጳም አየ። ተረከዙ መሬት አልነካም። ዝቅ አደረገው፤ ጋሻውን ሲያነሳ ተረከዙም አብሮ ተነሳ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ባሻም በአንድ ዓይናቸው እንባ እስኪወርድ ሳቁ። ሂርጳ አፈረም፣ ሳቀም።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን ሳቁ ጠፋ። አያ ነገሳ በጉብዝናቸው ግራ እግራቸው ተሰብሮ አጥሮ ነው የዳነው፤ ተረከዛቸው መሬት አይደርስም። ሂርጳ አብረውት የተማሩትን ልጆች አንድ በአንድ አሰበ። ሁሉም ያነሳሉ። ሁሉም ደግሞ ግራ ጭናቸውን ያማቸዋል፤ እነሱ ግን የጎበዝ ሕመም ይሉት ነበር። አያ ነገሳ ዛሬም ኮርተውበት እንደሚጠብቁት ያውቃል። ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ካራ እስኪደርስ ድረስ አልመጣለትም።

አያ ነገሳ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቁት ነበር። እያነከሱ መጥተው ግንባሩን ሳሙትና ጠየቁት።

«እህ፣ ዝም አልክ?»

ሂርጳ ጋሻውን ከትከሻው አወረደ፤ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሁለቱንም ተረከዞቹን መሬት ላይ ተከለ። እሳቸው ወደ እግሩ እስኪያዩ ድረስም ጠበቀ።