አምስተኛዋ ጣት

«…ሦስት፣ አራት፣ አምስት!» የባዮሎጂ መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ድንጋዩ ላይ ያለችውን የእንቁራሪት አጽም ጣቶች እንደገና ቆጠሩ። «የዚህ ወገን እንቁራሪቶች ከምድር ከጠፉ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ በድንጋይ ውስጥ የተገኙት ሁሉ የፊት እግራቸው ባለ አራት ጣት፣ የኋላው ባለ አምስት ነው። የእኛዋ ግን ከፊትም አምስት አላት! ነገ የሙዚየሙ ተመራማሪ ሲመጡ ጉድ ይላሉ!»

የሳይንስ ክበቡ ልጆች አጨበጨቡ። መርፌ ግን አላጨበጨበችም። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት ክበቡ ነው፤ በአጉሊ መነጽር እያየች፣ አጥንቱን ሳትነካ ድንጋዩን በመርፌ ጫፍ መፈልፈል እንደሷ የሚችል የለም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ማወቋንም አትደብቅም።

ባለፈው ሐሙስ የኋላ እግሩን ስታጸዳ ግን ፀጉር የምታክል አጥንት ተፈናጥራ ወደቀች። የፊት እግር ጣት መስላት ከፊተኛው እግር ላይ በሙጫ ለጠፈቻት። ስህተቷ የገባት አሁን፣ መምህሩ ሲቆጥሩ ነው። ያኔ መብራት ይዛላት የነበረችው ጓደኛዋ ሬዲዮ ነበረች፤ አፏ የማያርፍ ልጅ።

ሬዲዮ ጎትታ ኮሪደር ላይ አወጣቻት። «ወዮልሽ እንዳትናገሪ! እንቁራሪቷን በስምሽ ሊጠሯት እኮ ነው። ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«እንቁራሪት ደግሞ አፏን ካልከፈተች በረሃብ ትሞታለች።»

ሁለቱም ሳቁ። ሬዲዮ ግን ቶሎ ኮስተር አለች። «ሙድ አትያዢ፣ የምሬን ነው። ከተናገርሽ ‹መርፌ› መባልሽ ይቀራል።»

ይቺ ቃል ነካቻት። ስሙን ትወደዋለች። እጇን ዘርግታ አየችው። ሁለት ወር ሙሉ አንዲት አጥንት እንኳ ያልሰበረ እጅ ነው። ተሳስቶ የለጠፈውን መንቀል ያቅተዋል እንዴ?

ወደ ክፍሉ ስትመለስ መምህሩ በካርቶን ላይ «አዲስ ዝርያ» ሊሉ «አዲስ ዝ» ድረስ ጽፈው ነበር።

«መምህር፣ ከመጨረስዎ በፊት የኋላ እግሯንም ይቁጠሩልኝ።»

መምህሩ ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። አራት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«የጎደለችው የት እንዳለች አውቃለሁ» አለች መርፌ፤ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ጥጥ ሙጫ በሚያላቅቀው አሴቶን ነከረች። ሬዲዮ መብራቱን አቀረበችላት።