ከኮፈኑ ጀርባ

እሁድ ረፋዱ ላይ ስልኳ ሲጮህ ባለባትሪዋ የደወለውን አይታ ደሟ ፈላ። መምህሩ ነው፣ ፍቅረኛዋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ከርሞ፣ ዛሬ ምን ቆርጦት ነው የሚደውለው?

«የእማዬ መኪና አልነሳ አለ» አላት። «ባትሪው ሳይሞት አልቀረም።»

ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ። «ከሞተ ቅበሩት» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሥራ ሥራ ነው። የባትሪ ቤት ከፍታ ለምትኖር ሴት፣ በኩርፊያ ምክንያት ደንበኛ መንገድ ላይ ጥላ ቀረች ከሚባል ሞት ይሻላታል። የማስነሻ ገመዷን ፒካፕ መኪናዋ ላይ ጣለችና እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ሄደች።

ሁለት ዓመት ተዋደዋል። መጀመሪያ የመጣው የትምህርት ቤቱን የድምፅ ማጉያ ባትሪ ሊያስሞላ ነበር። በማግስቱ ሌላ ባትሪ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ያመጣው ባትሪ ጢም ብሎ የሞላ ስለነበር ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሱም እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወዲህ ያለ ባትሪ መምጣት ጀመረ።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት እናቱ ቤት፣ ምሳ ላይ ነው። እናቱ የባለባትሪዋን ጥፍሮች ትክ ብለው አዩና «ይህ እጅ ቤት ይይዛል?» አሉ። ጥፍሯ ስር ያለው ጥቁረት በሳሙና አይለቅም፤ እሷም አፍራበት አታውቅም። ቀና ብላ መምህሩን ጠበቀችው። መምህሩ ሳህኑን እያየ ጎረሰ። ስልሳ ተማሪ ፊት ቀኑን ሙሉ የማይደክም ምላስ፣ አንዲት እናት ፊት ተሳሰረ። ያቃጠላት የሴትየዋ አፍ አልነበረም፤ የእሱ ዝምታ ነው።

ስትደርስ የእናቱ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። እናቱ ጌጣቸውን አድርገው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው መሪው ላይ ተቀምጠዋል። የሟች ባላቸው መኪና ስለሆነች መሪዋን ልጃቸው እንኳ እንዲነካው አይፈቅዱም። መምህሩ ከረባት አስሯል። ከረባቱን ስታይ ሆዷ አንድ ነገር ጠረጠረ።

«ቁልፉን እስቲ ያዙሩልኝ እትዬ» አለቻቸው።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የዳሽቦርዱ መብራት ፈዘዘና ድርግም አለ። ፒካፗን አስጠግታ ኮፈኑን ከፈተች፣ የባትሪውን ጫፎች አጸዳች፣ ማሰሪያውን አጠበቀች፤ ያው ነው። መጨረሻ የተነዳችው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«በየቀኑ አስነሳታለሁ» አሉ እናቱ ቅር ብሏቸው። «ጠዋት ጠዋት ሁለት ደቂቃ አሙቄ አጠፋታለሁ። ባለቤቴ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያሞቃት።»

«ባለቤትዎ አሙቀው ሥራ ይሄዱባት ነበር። እርስዎ ያጠፏታል። ሞተር ለማስነሳት የሚወጣውን ኃይል ሁለት ደቂቃ አይመልሰውም። በየቀኑ ከባትሪው ላይ እየቀነሱ ነው የከረሙት።»

እናቱ መሪውን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው «የሞተሩን ድምፅ ልስማው ብዬ ነው» አሉ።

ባለባትሪዋ አዘነችላቸው። ልታዝንላቸው ለማትፈልጋቸው ሴት ማዘን ደግሞ ሌላ ንዴት ነው። ደግነቱ ሐዘኑ ብዙ አልቆየም፤ እናቱ ሰዓታቸውን አዩና ፍጠኚልኝ ልጄ፣ ለምሳ እየጠበቁን ነው አሏት። የወዳጃቸው ልጅ ፋርማሲስት ናት፣ ጨዋ ልጅ፣ ከእሱ ጋር ሊያስተዋውቋት ነው። ይህን ሁሉ የነገሯት ስለ አየሩ እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

መምህሩን አየችው። መምህሩ ጫማውን ያያል።

ቀዩን ገመድ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ጋር አሰረች፣ ሌላውን ጫፍ ከራሷ ባትሪ። ጥቁሩን ከራሷ ኔጌቲቭ፣ መጨረሻውን ደግሞ ከባትሪው ርቆ ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር። ተኝታም የማትስተው ሥራ ነው። ዛሬ ግን ሁለቴ አረጋገጠች። እናቱ ቁልፉን አዞሩ፤ ጠቅ ብቻ። ባትሪው እስከ ታች ባዶ ነው፣ አሥር ደቂቃ ይጠጣ አለችና የፒካፗን ሞተር እንደተነሳ ተወችው።

አሥር ደቂቃ ረጅም ነው። መምህሩ ዞሮ ኮፈኑ ስር አጠገቧ ቆመ።

«ታክሲ መጥራት እችል ነበር» አለ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ለምን አልጠራህም? ሌላ ሴት ቤት የምታደርስህን መኪና እኔ ላስነሳልህ?»

«ለመደወል ሰበብ አጥቼ ነው።»

«ሰበብ?» ጥርሷን ነከሰች። «ይቅርታ ለማለት ባትሪ መሞት አለበት?»

 ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «እወድሻለሁ» አላት።

ሦስት ሳምንት የጠበቀችው ቃል ነው። ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ የሰማችው ቃል ነው። አሁን ሲመጣ ግን በመፍቻ ልትለው ምንም አልቀራት። ፍቅሯ አላለቀም ነበር፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

«ለምንድነው የምታንሾካሽከው?»

ዓይኑ ወደ መኪናው ውስጥ ሄደ፤ ግን ኮፈኑ ቆሞ ስለነበር ከውስጥ ማንም አያየውም። ያን ጊዜ ገባት።

«ኮፈኑ ሲዘጋ የምትክደውን ነገር አትንገረኝ» አለችው።

አሥር ደቂቃው ሲሞላ እንዲያዞሩ በእጇ አመለከተች። ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ተነሳ። ገመዶቹን መጨረሻ ካሰረችው ጀምራ ፈታች፣ ኮፈኑንም እናቱ እስኪደነግጡ ድረስ ጓ አድርጋ ዘጋችው። አሁን በመስታወቱ ሦስቱም ተያዩ።

ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳያጠፉ እንዲነዱ ነገረቻቸው። እናቱ አመሰገኑና ለልጃቸው «ግባ እንጂ» አሉት።

ባለባትሪዋ ገመዷን መጠቅለል ጀመረች። ላለማየት ነው። የመኪናው በር ሲከፈት ብትሰማ ምን እንደምትሆን አታውቅም። የበሩ ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር እጇ ቆመ።

«እማዬ፣ እኔ አልሄድም።» ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ሹክሹክታ ግን አይደለም። «የዚያን ቀን እጇን ስትንቂባት ዝም ያልኩት ፈርቼሽ ነው። ነውሩ የእኔ ነው። የማገባው እሷን ነው፣ እሷ እምቢ ካላለችኝ።»

«ሰዎቹ እየጠበቁን!»

«ደውዬ ይቅርታ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ።»

የእናቱ እጅ ቁልፉን ሊያጠፋ ሄደ፤ ከዚያ ትዝ አላቸውና ተመለሰ። ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ፊት አዩ። ምርቃትም እርግማንም አልወጣቸውም። ማርሽ አስገብተው ብቻቸውን ነዱ።

ሁለቱ መንገዱ ላይ ቀሩ። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። በንዴት ነው አለች ለራሷ፤ ግማሹ እውነት ነበር።

«አንድ ጊዜ መናገር ጀግና አያደርግህም» አለችው። «ነገ እናትህ ቤትህ ገብተው ሲያለቅሱብህ ደግሞ ትነግራቸዋለህ።»

«እነግራታለሁ።»

«እኔ ገና አልታረቅኩህም።»

«አውቃለሁ።»

የፒካፑን በር ከፈተችና ወንበሩ ላይ ያለውን የመፍቻ ሳጥን ወደ ኋላ ወረወረችው። «እንግዲያው ዝም በልና ግባ።»

«እገባለሁ» አለ መምህሩ። «ዝም ግን አልልም።»

እውነትም ዝም አላለም። ስለዚያ ምሳ፣ ስለ ጎረሰው ጉርሻ፣ ሊደውል ብሎ ስለተወባቸው ሌሊቶች መንገዱን ሁሉ ሲናገር ባለባትሪዋ አንዲት ቃል አልመለሰችለትም። እንደተናደደች፣ ወደ ቤት የሚወስደውን አቋራጭ አልፋ ረጅሙን መንገድ ያዘች።