ከሰባተኛው አልጋ የጠፋው መድኃኒት

የሟቹ አስከሬን ገና ከሰባተኛው አልጋ አልተነሳም። ልጃቸው በነርሷ ላይ ይጮኻል፤ ሊወስዳት የመጣው ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«የልብ መድኃኒቱን ሦስት ቀን ከልክለሽ አባቴን ገደልሽው!»

«ከዝርዝሩ ሲጠፋ ሐኪሙ ያቆመው መሰለኝ! ያልታዘዘ መድኃኒት ልስጥ እንዴ?» አለች ነርሷ በንዴት።

ከፖሊሱ ጋር የመጣችው መርማሪ የየቀኑን የመድኃኒት ዝርዝር ጎን ለጎን ዘረጋች። እሑድ የልብ መድኃኒቱ አለ፤ ከሰኞ ጀምሮ የለም። በሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ በተሞላው ካርድ ላይ ግን አልተሰረዘም። ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩን የነካው አንዱን መድኃኒት በሌላ የሚተካው፣ ፐርል በተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ብቻ ነው። ፕሮግራመሩን አስጠራችው።

«ለሰባተኛው አልጋ ምን ተተካ?»

«ምንም። የሚወጣውን መድኃኒት ስም የሚይዘውም፣ የሚገባውን የሚይዘውም ሳጥን፣ ተለዋዋጭ የምንለው፣ ባዶ ነበር። ባዶ ነገር ምን ያጠፋል ኢንስፔክተር? ሲስተር ረስታ ነው።»

«ከሰኞ ወዲህ ፕሮግራሙን ነክተኸዋል?»

«በፍጹም!»

መርማሪዋ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሰዓት ቆየች። ከዚያ ሁሉንም በነርሶች ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የልብ መድኃኒቱን ስም ከበሽተኛው ዝርዝር ፈልጎ ያገኛል። ቀጥሎ በተለዋዋጩ ውስጥ ያለውን ስም ፈልጎ ይተካል። ፐርል ግን የሚፈልገው ባዶ ሲሆንበት ዝም ብሎ አያልፍም፤ መጨረሻ ላይ ያገኘውን መልሶ ይፈልጋል። ያ ደግሞ የልብ መድኃኒቱ ነው። በባዶ ተካው፤ ጠፋ።»

«የሌሎቹ ሳይነካ የአባቴ ብቻ?» አለ ልጅየው።

«ሌሎቹ የልብ ሕሙማን ሁሉ የሚተካ መድኃኒት ታዞላቸዋል። ባዶ የነበረው የአባትህ ብቻ ነው።»

«ስህተት ነዋ!» አለ ፕሮግራመሩ። «ማን አይሳሳትም?»

መርማሪዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «እስከ ማክሰኞ ስህተት ነበር! ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ‹ባዶ ከሆነ እለፈው› የሚል መስመር ጨምረሃል። የገባኸው በራስህ የይለፍ ቃል ነው፤ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን መዝግቦታል። ቀዳዳውን ደፈንክ፤ የጠፋውን መድኃኒት ግን አልመለስክም፤ ለማንም አልተናገርክም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን በሕይወት ነበሩ!»

ፕሮግራመሩ አንገቱን ደፋ። «ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ... ምንም አይሆኑም ብዬ...»

ፖሊሱ ነርሷን አልፎ ወደ እሱ ሄደ። ነርሷ ግን ቀድማው ፕሮግራመሩ ፊት ቆመች።

«ትናንት ኮሪደሩ ላይ ‹ደህና ዋልሽ ሲስተር› ብለኸኝ አለፍክ» አለችው። «ዝርዝሩን ይዤ እኮ ወደ ሰባተኛው አልጋ እየሄድኩ ነበር።»