የሲስተር ዘይዳ ዕረፍት

እትዬ ብሩክታይት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «እግዜር ይማርሽ፣ ምን አገኘብን» እያሉ ከንፈራቸውን ከመጠጡ በኋላ፣ ጊዜ ሳያባክኑ የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ።

«እግረ መንገዴን ግፊቴን ብታይልኝ ብዬ ነው። ሰሞኑን ጆሮዬን ጭው ይልብኛል።»

ዘሚራ በሩ ሥር ቆማ ታያቸዋለች። ለጥየቃ ያመጡት ብርቱካን ገና ከፌስታሉ አልወጣም። እናቷ ሲስተር ዘይዳ ትራስ ተደግፋ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ እጇን ወደ ግፊት መለኪያው ሰደደች። እምቢ ማለት አታውቅበትም። የሞጣ ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ነው ብርቱካን ገዝቶ የሚመጣው።

ከእሳቸው በፊት አቶ ስጦታው ነበሩ። ክርስቲያን ቢሆኑም ለእሷ ሲሉ «አላህ ያሽርሽ፣ ያላንቺ ማን አለን» ብለው መረቁ፤ ምርቃቱ ሳያልቅ ሱሪያቸውን ሰብስበው ያበጠ ጉልበታቸውን አሳዩ። ከእሳቸው በፊት የመጣችው ጎረቤት ደግሞ የባሏን ራጅ በብብቷ ይዛ ነበር። ታማሚ ለመጠየቅ ራጅ ይዞ መምጣት። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ያለቅሳል፣ ብልህ ይልሳል ይባላል፤ በዚህ ሰፈር ሞኝ የሚባል አልተፈጠረም።

ሲስተር ዘይዳ ስም ያለው በሽታ የለባትም። የምትሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሕፃን እጇ ላይ ሞተ። እናትየው መሬት ላይ ስትንከባለል፣ ሲስተር ዘይዳ ጓንቷን አውልቃ «ቀጣይ» አለች። ይህን ለዘሚራ የነገረቻት ራሷ ናት።

«ምንም አልተሰማኝም» አለቻት። «እንዲህ ሆኜ የሰው ልጅ ከምነካ ሥራውን ብተወው ይሻላል።»

ኃላፊዋ ይታገስ ግን መልቀቂያዋን አልቀበልም አለ። «ደክመሻል፤ ሳምንቱን ተኚ። ከዚያም ካልተሻለሽ እንነጋገራለን» ብሎ ወደ ቤቷ ላካት። ሲስተር ዘይዳ ቤት ዋለች መባሉን የሰማው ሰፈር የጤና ጣቢያውን ወረፋ ወደ መኝታ ቤቷ አዛወረው።

«እማ፣ ቢቸና እንሂድ» አለች ዘሚራ፣ እትዬ ብሩክታይት ሲወጡ። «አክስቴ ነጅዋ ጋ። እዚያ ማንም አያውቅሽም።» ግፊት መለኪያውን ሆን ብላ ብርድ ልብስ ሥር ቀብራው ሄደች።

ነጅዋ ቢቸና ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። እህቷን በጣም ትወዳለች፤ ወሬ ደግሞ ከእህቷም ትንሽ አብልጣ ትወዳለች። የገቡ ዕለት ሲስተር ዘይዳ እህል ሳትቀምስ ተኛች። በማግስቱ ዘሚራ ከሱቅ ስትመለስ፣ በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሰው ሞልቶበታል። ነጅዋ ከፋርማሲ የተዋሰችውን ግፊት መለኪያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታስተናግዳለች።

«አክስቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ጎረቤቶቼ ናቸዋ። እህቴ አሟት መጣች ብላቸው ሊጠይቋት መጡ። ፊት ልንሣቸው ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ለጥየቃ መለኪያው ምን ያደርጋል? ኧረ ሼም ነው።»

«ደቂቃ አይፈጅም እኮ። እሷንም ቢሆን ዝም ብላ ከመጋደም ያፍታታታል።»

ያፍታታታል። ዘሚራ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እንደዚያን ሰዓት ንቃ አታውቅም። በየተራ አየቻቸው፤ አንዱም ታሞ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ያቃተው የለም። መለኪያውን ከአክስቷ ጭን ላይ አነሣችና ደፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን በሩ ላይ ዘረጋች።

«ሲስተር ተኝታለች። ጥየቃችሁን እነግራታለሁ።»

አንድ ሽማግሌ «የዛሬ ልጆች» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። አንዲት ሴት «የሞጣ ሰው እንግዳ አቀባበሉ እንዲህ ነው?» አለች። ነጅዋ «ስሜን አጠፋሽው» ብላ አኩርፋ ወደ ጓዳ ገባች። ዘሚራ ግን ደስ አላት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ከስልኳ ቀና ሳትል «ተኝታለች» እያለች መለሰችው። ፊታቸውን ማየት ሲቀር ነገሩ እንዴት እንደሚቀል ገረማት።

«ሲስተር አለች?» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

«ተኝታለች። ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

«እሺ።»

እስካሁን ሳይከራከር እሺ ያለ ሰው አልነበረም። ዘሚራ ቀና አለች። በዕድሜ ከእሷ ብዙ የማትርቅ ሴት ሕፃን አዝላ ወደ መንገዱ ዞራለች። የሕፃኑ አንገት ተዝለፍልፏል፤ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል።

«ቆይ እስቲ፣ አውርጂው።»

ሴትዮዋ አወረደችው። ሕፃኑ አየር በሳበ ቁጥር የጎድን አጥንቶቹ መሐል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ጤና ጣቢያ ልወስደው ስል፣ የሞጣዋ ሲስተር ትሻልሻለች ብለው ሰዎች ወደዚህ መለሱኝ» አለች ሴትዮዋ።

ዘሚራ ደነገጠች። የደነገጠችው ለሕፃኑ ብቻ አልነበረም። ይህን ልጅ ቀና ብላ ሳታየው ልትሸኘው ነበር። እናቷ ልቧ እስኪደነዝዝ ዓመታት ፈጅቶባታል፤ እሷ ላይ ግን ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

ነጅዋ ድምፅ ሰምታ ወጣች። «ይሄማ ጥየቃ አይደለም። ቀስቅሻት። አንድ ነገር ቢሆን እኛ ደጅ ነው።»

ዘሚራ በሩን ገፋ አድርጋ አየች። እናቷ አፏን ከፍታ፣ አንድ እጇን ከአልጋው ወደ ታች ጥላ ተኝታለች። ከተጠራች ትነሣለች፤ ተነሥታም ሕፃኑን ታቅፋ ትሮጣለች።

«ኦክስጅን ያለው ጤና ጣቢያ ነው፣ እማ እጅ ላይ የለም» አለች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ባጃጅ ለማስቆም ወጣች። ልጁ መንገድ ላይ ቢሞት፣ ነርሷ ተኝታ በሯ ላይ ሞተ መባሉ አይቀርም።

አልሞተም። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ አንድ ነርስ ገና ሲያያቸው ሕፃኑን ከእናትየው እጅ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ቆይቶ ወጣና «ኦክስጅን ላይ ነው፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ከባድ ነበር» አላቸው። እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። ይሄኔ የዘሚራ ስልክ ጮኸ። ነጅዋ ናት።

«ዘይዳ ነቃች። በእንቅልፌ የሕፃን ትንፋሽ ሰምቻለሁ፣ ሳንባው ታሟል፣ የት ወሰዳችሁት እያለች ጫማዋን ትፈልጋለች። ምን ልበላት?»

ምንም አይሰማኝም ያለችው እናቷ ተነሥታ ጫማ እየፈለገች ነው። ትምጣ ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ከመጣች፣ ነገም ሌላ ሰው ይቀሰቅሳታል፤ ዕረፍቱም በዚሁ ያበቃል።

«ሕልም አይተሽ ነው በያት።»

«እህቴን ልዋሻት?»

«አዎ አክስቴ። ዋሺያት። ልጁ ደኅና ነው፣ እኔ እዚህ አለሁ።»

የነጅዋ ድምፅ ከስልኩ ራቅ ብሎ ተሰማ። «የምን ሕፃን ነው፣ ሕልም አይተሽ ነው። በይ ተመልሰሽ ተኚ። በሩ ላይ እኔ አለሁ።»

ዘሚራ ስልኩን ዘግታ ከሕፃኑ እናት አጠገብ ተቀመጠች።

«ማን ትባያለሽ?» አለቻት።