ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሚያንኳኳው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በቦታው ነበርኩ።

የዓለም ጦርነቱ ባለቀ በአምስተኛው ዓመት፣ ጀርመን አገር፣ ፍራይቡርግ ከተማ፣ አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... በጠራራ ፀሐይ!

መምህራችን ዶክተር ቬርሌ ቤት ተሰብስበናል። እጮኛዬን ቴክላን ጨምሮ አምስት ተማሪዎች ነን። ፍልስፍና ነው የምንማረው ተብሎ... እቴ! አምስት ሞኝ አንድ ዕቃ ላይ አፍጥጦ ይውላል።

የሰውዬው ሕግ አንድ ነው። "አለ" ማለት ክልክል፣ "የለም" ማለትም ክልክል። ፍርድህን ወደ ጎን ትተህ የሚታይህንና የሚሰማህን ብቻ ትጽፋለህ።

የዚያን ቀን ተረኛው ዕቃ ጥግ ላይ የቆመው አሮጌ ቁም ሳጥን ነበር።

ገና መጻፍ ስንጀምር...

ኳ። ኳ። ኳ።

ከውስጥ ነው!

"ሰው አለ እንዴ?" አለች ቴክላ በሹክሹክታ።

ዶክተሩ ጣቱን ቀሰረ። "ወይዘሪት! 'አለ' አይባልም አላልኩም? ምን ተሰማዎት?"

"ኧረ ሰው ታፍኖ ይሆናል!"

ኮንራድ የሚባለው አሽቃባጭ ሳቀ። "የገበሬ ልጅ! ካልነካች አይገባትም።"

ወደ እኔ ዞረች። "አልቪን፣ ተነስ እንክፈተው።"

እኔ ጀግናው... "ቁጭ በይ፣ አታሳፍሪኝ" አልኳት።

በንቀት አየችኝ። ይገባኛል።

ብቻዋን ሄዳ ከፈተችው። ካፖርት ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች...

በሩ ተዘጋ። ማንም አልነካውም።

"አልቪን! ክፈትልኝ! የሆነ ነገር ያዘኝ!"

ብድግ ልል ስል ዶክተሩ "አይፍረዱ!" አለኝ። "ይጻፉ።"

ጻፍኩ! አፈር ልብላና ጻፍኩ። "ድምፁ እየቀጠነ ይሰማኛል..." ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

"ግሩም!" አለኝ።

ደስ አለኝ። ታምናላችሁ? እሷ እዚያ እየጮኸች እኔ ደስ አለኝ!

ከዚያ ስሜን መጥራቷን ተወች። ማንኳኳቱ ግን ቀጠለ... ቀስ እያለ።

ያኔ ነው ልቤ የተመለሰው። ሮጬ በሩን በረገድኩት።

ቴክላ የለችም።

ለብሳው የገባችው ሰማያዊ ቀሚሷ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፎቹ እስከ አንገት ድረስ ተቆልፈዋል። ስነካው ይሞቃል።

ከኋላዬ ብዕር ሲጫር ይሰማኛል። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

የቀሚሱ ቀኝ እጅጌ ተነስቶ ሳንቃውን ያንኳኳል... ውስጡ እጅ የለም።